«ዘ ሞሊ ማጓየርስ»፦ የከሰል ቆፋሪዎቹና መሀላቸው የገባው ጆሮ ጠቢ

ሾን ኮነሪን በጄምስ ቦንድነቱ ብቻ የምታውቁት ከሆነ ይህን ፊልም ፈልጋችሁ እዩ። ስሙ «ዘ ሞሊ ማጓየርስ» ነው። በ1970 ነው የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዳይሬክተሩ ማርቲን ሪት ነው። ኮነሪና ሪቻርድ ሃሪስ የተፋጠጡበት፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ ፊልም ነው። ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ተመልካች አጣ፤ ለዚያ ዘመን ይሄ ከባድ ኪሳራ ነው። ዛሬም ስለ ማዕድን ቆፋሪዎችና ስለ አሠሪዎቻቸው ግጭት የተሠሩ የሆሊውድ ፊልሞች ሲነሱ ይሄኛውን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ያናድደኛል። ጆሮ ጠቢ የሚባለውን ሰው ከውስጡ ገብቶ እንዲህ ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለምና።

መጨረሻውን ጭምር ስለማወራ፣ ሳታዩት ማወቅ የማትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙና አይታችሁት ተመለሱ።

ታሪኩ በ1870ዎቹ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ነው። ረሃብ ከአየርላንድ ያፈናቀላቸው ሰዎችና ልጆቻቸው አንትራሳይት የሚባለውን ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ይቆፍራሉ። ጃክ ኬሆ (ኮነሪ ነው) ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሞሊ ማጓየርስ የሚባል የምስጢር ቡድን አለው። ጉድጓድ በባሩድ ያፈነዳሉ፣ ከሰል የጫነ ባቡር ያወድማሉ፣ ሲብስም ሰው ይገድላሉ። እነሱን ለመያዝ የፒንከርተን መርማሪ ድርጅት አንድ ሰው ይልካል። ጄምስ ማክፓርላን ይባላል፤ እሱም አየርላንዳዊ ነው፣ እሱም ድሃ ነው። ስሙን ማኬና ብሎ ቀይሮ፣ ወንጀል ሠርቼ የሸሸሁ ነኝ ብሎ፣ እንደነሱ ዶማና አካፋ ይዞ ጉድጓድ ይወርዳል። ይህን ሰው የሚጫወተው ሪቻርድ ሃሪስ ነው።

ከመነሻው ሩብ ሰዓት ገደማ ድረስ አንድም ሰው አይናገርም። ጎህ ሲቀድ ይጀምርና ወደ መሬት ሆድ ይዟችሁ ይወርዳል፤ ወንዶቹ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ፣ ጋሪ ይሞላል፣ በቅሎ ይጎትታል፣ የሚሰማው የብረትና የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ኮነሪን ከሌሎቹ ለይታችሁ የምታውቁት ቆይታችሁ ነው፣ ፊቱ እንደማንኛቸውም ጠቁሯል። የሥራው ሰዓት ሲያልቅ ሁሉም ወደ መውጫው ያዘግማል። ኬሆና ጓደኞቹ ወደኋላ ቀርተው ባሩድ ያጠምዳሉ፣ ክሩን ይለኩሳሉ፣ ከዚያም ሳይሮጡ፣ እንደ ደከመ ሠራተኛ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ከጀርባቸው ምድር ሲናወጥ ዘወር ብለው እንኳ አያዩም። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ የሚያስረዳ አንድም ቃል ሳይነገር ሁሉም ገብቷችኋል። ካሜራውን የያዘው ጄምስ ዎንግ ሃው ነው፤ ያኔ ሁለት ኦስካር ወስዶ ነበር። ጉድጓዱን በደንብ የበራ የስቱዲዮ ዋሻ አላደረገውም፤ ጨለማውን ጨለማ አድርጎ ነው የተወው።

አሁን ወደ ደመወዝ ቀኑ ልሂድ። ፊልሙን ማየት የማይፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ ይቺን ብቻ ባሳየው ደስ ይለኛል።

ማክፓርላን የመጀመሪያ ሳምንቱን ጨርሶ ተሰልፏል። ገንዘብ ከፋዩ መዝገቡን እያየ ጮክ ብሎ ያሰላል። 14 ጋሪ ከሰል፣ አንዱ በ66 ሳንቲም፣ ጠቅላላ 9 ዶላር ከ24 ሳንቲም። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። የባሩዱ ሒሳብ ይነሳል፣ የሌላ የሌላውም ዕቃ ይነሳል፣ የተሰበረ መሣሪያ እንኳ ይታሰብበታል። በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀመጥለት 24 ሳንቲም ነው። ሰውየው ሰላይ ነው፣ ሌላ ደመወዝ አለው፣ ግን ፊቱን እዩት። እውነተኛ ቁጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በደረቱ ተኝቶ ቆፍሯል፣ ሳንባው አቧራ ጠጥቷል፣ የተሰረቀው እሱ ራሱ ነው። ከኋላው የተሰለፉት ግን ምንም አይሉም፤ ለምደውታል።

ይሄ ደራሲ የፈጠረው ግፍ አይደለም። በዚያ ዘመን ከሰል ቆፋሪ የሚከፈለው ባወጣው ጋሪ ልክ ነበር፣ ባሩዱንና ሌላውን የሥራ ዕቃ ግን ከራሱ ኪስ ነው የሚገዛው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ የሚገዛው ከዚያው ከቀጠረው ኩባንያ፣ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ ነው። የሚኖርበት ቤት የኩባንያው ነው፣ ዱቄት የሚገዛበት ሱቅ የኩባንያው ነው። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰዳል። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ባለዕዳ ሆኖ ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ ሱቁ ሲነድድ አይከፋችሁም። ማክፓርላን ክፍል የተከራየበት ቤት ልጅ ሜሪ (ሳማንታ ኤጋር ናት) የታመሙ አባት አሏት። ዕድሜያቸውን ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳንባቸው አልቋል። ሲሞቱ የሚቀበሩበት ደህና ልብስ እንኳ የላቸውም። ኬሆና ማክፓርላን ጠጥተዋል፤ ሌሊት የኩባንያውን ሱቅ ሰብረው ሙሉ ልብስ ሊያወጡ ይገባሉ። ልብሱን ወስደው ቢወጡ ይበቃ ነበር። ኬሆ ግን አይወጣም። ሽማግሌው ያን ሁሉ ዘመን ትንፍሽ ሳይሉ ኖረው መሞታቸው አብግኖታል። መደርደሪያውን ይገነድሳል፣ ዕቃውን ያተረማምሳል፣ በመጨረሻ ሱቁ በእሳት ይያያዛል። ማክፓርላንስ? ሊይዘው የተላከውን ሰው ትቶ አብሮት ይሰብራል። ደስ ብሎት ነው የሚሰብረው፣ ሪቻርድ ሃሪስ ይህን የሚጫወተው እንደ ማስመሰል አይደለም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ «በቃ፣ ይሄ ሰው ከነሱ ወገን ሆኗል» ብዬ አምኛለሁ። ከልቡ ወዷቸዋል። እንደወደዳቸው ግን አሳልፎ ይሰጣቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ከሌሎቹ የሚለየው። ጆሮ ጠቢን በሲኒማ ስናይ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ፈሪ ሰው ነው። ማክፓርላን ፈሪ አይደለም፣ ክፉም አይደለም። ከድህነት መውጣት ይፈልጋል፣ በቃ። ከላይ ሆኖ ወደታች ማየት ይፈልጋል፣ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ጓደኞቹ ናቸው። አለቃው ካፒቴን ዴቪስ (ፍራንክ ፊንሌይ፣ በጣም ጎበዝ) ይህን ያውቃል፤ ሥራው ቆሻሻ እንደሆነም ያውቃል፣ ቢሆንም ይሠራዋል። በአንጻሩ ኬሆም ንጹሕ ሰው ሆኖ አልተሣለም። ሰው ያስገድላል። ቄሱ ከመድረክ ሆነው ሲያወግዙት መልስ ያጣል። ሪት ማንንም ነጭ አላለበሰም።

ለምን እንዲህ እንደገባቸው ለማወቅ ሰዎቹ ያለፉበትን ማወቅ ይረዳል። ስክሪፕቱን የጻፈው ዋልተር በርንስታይን ነው። እሱም ሪትም በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ኮሚኒስት» እየተባለ ሰው ሲታደን በጥቁር መዝገብ ሰፍረው ከሥራ የተባረሩ ናቸው። በዚያ ጊዜ ሆሊውድ ውስጥ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የጓደኞቹን ስም የሰጠ ሰው ሥራው ይተርፍለት ነበር፣ እምቢ ያለው ይራባል። በርንስታይን ለዓመታት በሌላ ሰው ስም እየጻፈ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጆሮ ጠቢ ሲጽፍ ስድብ ብቻ ይጽፋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እሱ ግን ሰውየውን ሰው አድርጎ ጻፈው፣ ይቅርታ ግን አላደረገለትም። ለዚህ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

የሚጎድለውንም ልናገር፣ ትንሽ አይደለም።

እውነተኛው ጃክ ኬሆ በዚያ ጊዜ ቆፋሪ አልነበረም። ጂራርድቪል በምትባል ከተማ የመሸታ ቤት ባለቤት ነበር። ይሄ ያን ያህል አያስከፋኝም፣ ፊልም ነው። የሚያስከፋኝ የሠራተኛ ማኅበሩ ጉዳይ ነው። በዚያ አካባቢ በጆን ሳይኒ የሚመራ፣ አየርላንዳዊውንም ዌልሳዊውንም እንግሊዛዊውንም ያቀፈ የቆፋሪዎች ማኅበር ነበር። በ1875 የደመወዝ ቅነሳ መጣና ወራት የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ቤተሰብ ተራበ፣ አድማው ተሸነፈ፣ ማኅበሩም አብሮ ፈረሰ። ያንን ማኅበር ለማፍረስ የቆረጠው ሰው የፊላደልፊያና ሬዲንግ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ጋወን ነው። ፒንከርተንን የቀጠረውም እሱ ነው። ይባስ ብሎ ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የተከራከረውም እሱ ራሱ ነው! አስቡት፣ ከሳሹ የኩባንያው አለቃ፣ ዋናው ምስክር የኩባንያው ሰላይ፣ አየርላንዳዊ ካቶሊኮች ደግሞ ዳኝነት ከሚሰጡት ዜጎች ውስጥ እንዳይገቡ ተደርገዋል። ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል? ፊልሙ ግን ጋወንን አያሳየንም፤ አድማውም የታሪኩ አካል አልሆነም። በዚህ የተነሳ ታሪኩን የማያውቅ ተመልካች «እነዚህ ሰዎች ያላቸው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ባሩድ ነበር» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር፤ መንገዱን ሌላ ሰው ዘጋባቸው። ይህን አለማሳየት ቆፋሪዎቹን ይበድላቸዋል።

ከ1877 እስከ 1879 ሃያ ሰዎች በሞሊ ማጓየርነት ተሰቅለዋል። ከነዚህ አሥሩ የተሰቀሉት በአንድ ቀን ነው፣ ሰኔ 21 ቀን 1877፣ ስድስቱ ፖትስቪል፣ አራቱ ማውክ ቸንክ። ኬሆ በታኅሣሥ 1878 ተሰቀለ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ የፔንስልቬኒያ ገዥ ሚልተን ሻፕ ምሕረት ሰጠው። ፊልሙ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ማለት ነው። የተሰቀሉት ሁሉ ገዳዮች ነበሩ ወይ፣ ቡድኑስ እንደተባለው የተደራጀ ነበር ወይ የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎችን ዛሬም ያከራክራል፤ ፊልሙ ግን የሰላዩን ትረካ በአብዛኛው እንዳለ ተቀብሎታል።

የሜሪና የማክፓርላን ፍቅርም ሳሳ ያለ ነው። ኤጋር ጎበዝ ናት፣ ግን የተሰጣት ቦታ ጠባብ ነው፤ የምታስታውሱት መጨረሻ ላይ እውነቱን ካወቀች በኋላ ፊቷን ስታዞርበት ነው። ከዚያ ጉድጓድ ለመውጣት ብዙ ነገር ልታደርግ የምትችል ሴት ናት፣ ይህን ግን አትቀበልም።

የመጨረሻው ትዕይንት እስር ቤት ነው። ማክፓርላን መስክሮ ጨርሷል፣ ዴንቨር ላይ ሹመት ይጠብቀዋል። ከመሄዱ በፊት ኬሆን ሊያየው ይገባል። ለምን መጣ? ኬሆ ራሱ ይነግረዋል፤ እንዲቀጣኝ ነው የመጣኸው፣ ተቀጥተህ እንዲቀልልህ ነው፣ ይሄንን ከኔ አታገኝም ዓይነት ነገር። ኮነሪ በዚህች ደቂቃ ያሳየውን በቦንድ ፊልሞቹ ሁሉ አላየሁም። ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። እውነተኛውም ማክፓርላን ዴንቨር ላይ የፒንከርተን ኃላፊ ሆኗል። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የማዕድን ሠራተኞች መሪ የነበረውን ቢል ሄይዉድን በግድያ ለማስፈረድ ምስክር ያዘጋጀውም እሱ ነው፤ በ1907 ግን ሄይዉድ ነፃ ወጣ።

አሁን ለምታዩት ሰዎች። በስልክ አትዩት። የጉድጓዱ ትዕይንቶች ከባድ ጨለማ ናቸው፣ በትንሽ ስክሪን ምንም አይታይም። የአየርላንዶቹ አነጋገር ጆሮ ይፈትናል፣ ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከታች አብሩት። የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት «ምንም አልተነገረም» ብላችሁ እንዳታዘልሉ፣ ዋናው እዚያ ነው። ሙዚቃው የሄንሪ ማንቺኒ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ፊላደልፊያና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ ፊልሙ የተቀረጸባት ኤክሊ የምትባለው የቆፋሪዎች መንደር በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ናት። ለቀረጻው ሲባል የመብራት ሽቦዎቿ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፣ ከፊልሙ በኋላም የግዛቱ ሙዚየም ሆናለች። ለፊልሙ ብለው የሠሩትን ትልቁን የከሰል መለያ ሕንፃም አላፈረሱትም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋን የወሰደብኝ የ1875ቱ አድማ ነው።