ከአርባ በኋላ ራግቢ፦ ንክኪ ወይስ ታክል?

ንክኪ ራግቢ ኳስ የያዘውን በእጅ መንካት ብቻ ነው፦ 6 ለ6፣ 70 በ50 ሜትር ሜዳ፣ በስድስተኛው ንክኪ ኳሱ ለተጋጣሚ ያልፋል። ሰው ካልሞላ 4 ለ4ም ያስኬዳል። ቀላል ቢመስልም የባት ጡንቻ የሚቀደደው እዚሁ ነው፤ ተከላካይ 7 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ ወዲያው ወደ ፊት ይፈተለካል፣ ያልሞቀ ባት ይህን አይችልም። 15 ደቂቃ አሟሙቁ፣ ሩጫውን ቀስ በቀስ አፍጥኑ።

ታክል (ኳስ የያዘውን በእጅ አቅፎ መጣል) ያለው ራግቢ 15 ለ15፣ 80 ደቂቃ ነው። ለአርባ ዓመት ሰው ከሩጫው ይልቅ አወዳደቁ ይከብደዋል። ታክል የሚያደርገው ጭንቅላቱን ከሯጩ ፊት ካስገባ ጉልበት ይመታዋል፤ ጭንቅላት ከሯጩ ጀርባ በኩል፣ ትከሻ ጭን ላይ፣ ሁለት እጅ ጥብቅ። ጭንቅላቱን የተመታ «ደህና ነኝ» ቢልም ያን ቀን አይመለስም። ስክረሙንም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ጎንበስ ብለው ተያይዘው ለኳስ የሚገፋፉበትን) ያለ መገፋፋት ቢያደርጉት ለአንገት ይሻላል።

ጅማ ላይ ወቅቱም ይወስናል። በበጋ ሜዳው ይደርቃል፣ መውደቅ ያማል፤ ያኔ ንክኪ ይመረጣል። በክረምት መሬቱ ይለሰልሳል፣ ግን ቀዩ ጭቃ የታኬታውን ጥርስ ሞልቶ ያንሸራትታል። በእረፍት ሰዓት በእንጨት መፋቅ ነው።