ራሽ በክሊቭላንድ፤ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» ከ30 ዓመት በኋላ

ይህ የካናዳው የሮክ ባንድ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን «ሙቪንግ ፒክቸርስ» የተባለ አልበም ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ዘፈን በቅደም ተከተል የተጫወተበት ኮንሰርት ነው። የተቀረፀው ኤፕሪል 15 ቀን 2011 በክሊቭላንድ ሲሆን፣ «ታይም ማሽን 2011፦ ላይቭ ኢን ክሊቭላንድ» በሚል ስም ይሸጣል። ከተማዋ ለባንዱ ባዳ አይደለችም። በ1974 «ወርኪንግ ማን» የተባለውን ዘፈናቸውን እያጫወተ ከአሜሪካ አድማጭ ጋር ያስተዋወቃቸው የዚያችው ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ደብሊው ኤም ኤም ኤስ ነው።

መድረኩ ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የዚህ አልበም ፈተናም እዚያ ላይ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበ የተሠራውን በስድስት እጅና በስድስት እግር ማውጣት አለባቸው። «ቶም ሶየር» በሚለው ዘፈን መሃል ላይ መዝፈኑ ቆሞ የምቱ ቆጠራ ከ4 ወደ 7 ሲዞር ዘፋኙንና ቤዝ ተጫዋቹን ጌዲ ሊን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጣቶቹ ከቤዝ ጊታሩ ወደ ሲንተሳይዘሩ (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ይሻገራሉ፤ የቤዙን ቦታ በእግሩ የሚረግጠው ፔዳል ይይዝለታል። ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን ሶሎውን (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበትን ክፍል) ሲጀምር ሊ ቤዙ ላይ ተመልሷል።

የሊ የዘፈን ድምፅ ግን የድሮው አይደለም። ሊ ያኔ 57 ዓመቱ ነበር። ከፍ ያሉት ኖታዎች ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይጨነቃል፤ በተለይ ከአልበሙ በፊት በሚመጣው «ፍሪዊል» የመጨረሻ ክፍል ላይ በደንብ ይሰማል። በአንጻሩ ከበሮው ከ1981ዱ የተሻለ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከበሮ መቺው ኒል ፒርት በ1990ዎቹ አጋማሽ ከከበሮ አስተማሪው ፍሬዲ ግሩበር ዘንድ ሄዶ አመታቱን እንደገና ተምሯል። ያንኑ የድሮ አመታት ሲደግመው እጁ ላይ ያለው ላላ ያለ አካሄድ ይታያል።

«ዋይ ዋይ ዚ» የቶሮንቶ አየር ማረፊያ መለያ ፊደላት በሞርስ ኮድ (ፊደላትን በነጥብና በሰረዝ በሚገልጸው ምልክት) የተመቱበት ነው። አቆጣጠሩን ለሚፈልግ፦ ሦስቱ ፊደላት በድምሩ 8 ሰረዝና 4 ነጥብ አላቸው። ነጥቡ 1፣ ሰረዙ 2 ሲቆጠር 20 ይመጣል፤ ይህም 5 ምት ነው፣ እያንዳንዱ በ4 የተከፈለ። ዘፈኑን ለመጫወት የሚሞክሩ ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነጥቡን በማስረዘም ነው። ነጥቡ የሰረዙን ያህል ከረዘመ 20ው 24 ይሆንና ጆሯችን በችክችካ ወደለመደው፣ በ6 ወደሚቆጠረው ምት ያጋድላል። ስለዚህ እግራችሁ 5 ይቁጠር፣ ነጥቦቹንም አሳጥሩ። የላይፍሰን የ«ላይምላይት» ሶሎ እንደ ድሮው ድምፁን የሚያወዛውዘውን የጊታሩን ዘንግ ይዞ የሚያለቅስ ነው፤ ብዙ አልተነካም፣ መነካትም አያስፈልገውም ነበር።

ዲስኩን የሚያስገዛው ግን «ዘ ካሜራ አይ» ነው። ወደ 11 ደቂቃ የሚጠጋ፣ ግማሹ ስለ ኒው ዮርክ፣ ግማሹ ስለ ለንደን የሆነ ዘፈን ሲሆን፣ ከ1983 በኋላ እስከዚህ ጉዞ ድረስ መድረክ ላይ አልተጫወቱትም። ሌሎቹን ዘፈኖች በየዓመቱ ሲጫወቷቸው ስለኖሩ እጃቸው ያለ ሐሳብ ይሄዳል። እዚህ ጋ ግን እየተጠባበቁ፣ አንዱ ሌላውን እያዳመጠ ነው የሚሄዱት። ረጅሙ የሲንተሳይዘር መግቢያ አልቆ ጊታሩና ከበሮው አብረው የሚገቡበት ቦታ ከስቱዲዮው ይከብዳል።

«ዊች ሀንት» ደካማው ነው። በአልበሙ ላይ ሲንተሳይዘር የተጫወተው የሽፋኑ ሠዓሊ ሂዩ ሳይም ስለነበር፣ መድረክ ላይ አብዛኛው ድባብ ቀድሞ ከተቀዳ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ ጭንቀቱም አብሮ ይቀንሳል። «ቫይታል ሳይንስ» ላይ ሌላ ችግር አለ። ሲክወንሰሩ (ቀድሞ የተሞላለትን ዜማ በራሱ የሚደጋግም መሣሪያ) ከተለቀቀ በኋላ ማንንም አይጠብቅም፤ ከበሮ መቺው ትንሽ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ስህተቱ ወዲያው ይሰማል። ፒርት እንደ ሰዓት ይዞታል።

አልበሙን ብቻ ለሚፈልግ «ሙቪንግ ፒክቸርስ፦ ላይቭ 2011» የሚባል ሰባቱን ዘፈኖች ብቻ የያዘ የሸክላ እትም አለ። ሙሉውን ኮንሰርት ለሚፈልግ ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉሬይ አለ፤ የሊን እግርና እጅ ለማየት ብሉሬዩን እመርጣለሁ። በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ የፔዳሉ ወፍራም ድምፅ ጭራሽ አይወጣም። ሄድፎን ወይም ባስ የሚያወጣ ስፒከር ያስፈልጋል። የወጣቱን ሊ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ግን ይህን ትቶ በ1981 የወጣውን የኮንሰርት አልበም «ኤግዚት ስቴጅ ሌፍት» ይግዛ፤ «ቶም ሶየር»፣ «ሬድ ባርኬታ» እና «ዋይ ዋይ ዚ» እዚያ አሉ።