ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ያለው የአሉሚኒየም ማቅለጫ፦ ፑሌጃውን አሠሩ፣ ድስቱን ተዉት

ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ውስጥ ያለው ይህ ማቅለጫ ቤት ሁለት ነገር ይሠራል፤ ለወፍጮ ቤትና ለእንጨት መሰንጠቂያ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ)፣ ለቤት ደግሞ ብረት ድስት። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ምድጃ ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ፑሌጃው። መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ በጆንያ የሚመጣውን ቁርጥራጭ እንዳለ ምድጃ ውስጥ አይገለብጡትም። ቴስታታ (የሞተር ራስ)፣ ፒስቶንና የካምቢዮ ሽፋን ለብቻ፣ የመስኮት ፕሮፋይል ለብቻ ይቀመጣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሞተር ዕቃ ሲሊከን ስላለበት ሲቀልጥ ቀጥኖ ይፈስሳል፣ የቅርጹን ጥጋጥግ ሁሉ ይሞላል። ፕሮፋይል ብቻውን ሲፈስስ ግን ጠርዙ ሳይሞላ ይረጋል፤ ሲቀዘቅዝም ክንዱ ከቀለበቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የለስላሳ ጣሳማ ግማሹ ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚንሳፈፈው።

ብረቱ የሚፈስስበት ቅርጽ የሚሠራው ከእርጥብ አሸዋ ነው፤ አሸዋውን የሚያዘጋጀው ሰው እጁን ያውቅበታል። አንድ ጭብጥ ያነሳል፣ ጨምቆ ይከፍታል፣ ጉብታውን ለሁለት ይሰብረዋል። ስብራቱ ጥርት ያለ ከሆነና መዳፉ ላይ ካልተጣበቀ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ከበዛ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ብረቱን ያፈላዋል፣ አንዳንዴም መልሶ ይተፋዋል። ካነሰ ግድግዳው ይፈርሳል። (የሰፈሩ ስም አያታልላችሁ፣ አሸዋው በመኪና ነው የሚመጣው።)

ትልቁ ድክመታቸው መጠን ላይ ነው። ሞዴል ከመቅረጽ ይልቅ ያመጣችሁትን አሮጌ ፑሌጃ ራሱን አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በየሜትሩ 13 ሚሊሜትር ያህል ይሸበሸባል፤ ስለዚህ 200 ሚሊሜትር የነበረው 197 ከምናምን ሆኖ ይወጣል፣ ቶርኖው (ብረት መላጫ ማሽኑ) ሲላጨው ደግሞ 194 ላይ ያርፋል። የወፍጮው ድንጋይ ዘንግ ላይ ያለው ፑሌጃ በዚህ ልክ ካነሰ ወፍጮው 3 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አሮጌውን ከመስጠታችሁ በፊት ዙሪያውን ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ስቱኮ አልብሱትና በአሸዋ ወረቀት አስተካክሉት። ጎኑም ከአሸዋው በቀላሉ እንዲላቀቅ ትንሽ ያዘንብል።

ሙቀቱን በዓይን ነው የሚለኩት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ለማፍሰስ ከ700 እስከ 750 ይበቃዋል። የተቃጠለ ዘይትና ብሎወር (አየር መንፊያ) ያለው ምድጃ ግን ዝም ካሉት ያልፋል፤ ብረቱ ከመጠን በላይ ሲግል ከእርጥበት የሚያገኘውን ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ ሲረጋ ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። ዘንጉ የሚገባበት ወፍራሙ መሃል መጨረሻ ላይ ስለሚረጋ ከላዩ ወፈር ያለ መጋቢ (ሲረጋ የሚጎድለውን የሚሞላ ትርፍ የቀለጠ ብረት) እንዲተዉለት አሳስቡ። ካልሆነ ቻቬታ (ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ ቁራጭ ብረት) የሚገባበት ቦታ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቶርኖ ላይ ነው የሚታወቀው፤ ያኔ የቶርኖውን ሒሳብ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ጥንቃቄያቸው ግማሽ ነው። ቁርጥራጩን የምድጃው አፍ ላይ አሙቀው ነው የሚጨምሩት፣ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦም ሳይቆርጡ አይነኩም። ውሃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ የቀለጠ ብረት ስር የገባች ጠብታ የማቅለጫውን ድስት ሙሉ ወደ ላይ ትበትነዋለች። የሚያፈሱበትም ወለል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶ ቢሆን የያዘው እርጥበት ይፈነዳ ነበር። ግን ጉጠት የሚይዘው ልጅ በሸበጥ ነው የሚቆመው፣ መነጽርም አላየንም። ለዚህ ሰበብ የለም። ዕቃችሁን ስትጠብቁ አምስት ስድስት እርምጃ ራቁ፣ ናይለን ልብስም አትልበሱ።

ድስቱ ያምራል፣ ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል። አንመክረውም። ከቁርጥራጭ የተቀለጠ የአሉሚኒየም ድስት እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቅ በተለያዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ታይቷል፤ ቲማቲምና ሎሚ ሲገባበት ይብሳል፣ ለሕፃናት ደግሞ እርሳስ ትንሹም አይበጅም። ራዲያተር ላይ የቀረ እርሳስ ያለበት ብየዳ አንዴ ምድጃው ውስጥ ከገባ በወንፊትም በጨውም አይወጣም፣ መወልወልም አይረዳም። ለወጥ ሸክላው ይሻላል።

ሒሳቡ በኪሎ ነው፣ ቶርኖ ለብቻው። ስትረከቡ ፑሌጃውን በገመድ አንጠልጥላችሁ በቁልፍ መታ አድርጉት፤ እንደ ደወል ካላሰማ ስንጥቅ ይፈለግ። ከዚያ ዘንግ አስገብታችሁ ዘንጉን በሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች ላይ አጋድሙት፤ ሁልጊዜ አንዱ ጎን ወደ ታች ከመጣ ሚዛን የለውም፣ መልሱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮው ስለሚያፈስ አሸዋው አይደርቅላቸውም፤ ካልቸኮላችሁ ከመስከረም በኋላ እዘዙ።