የዛንዚባሩ ፎሮዳኒ ማታ ገበያ፦ ኡሮጆውን ብሉ፣ ዓሣውን ለሐዋሳው አሞራ ገደል ተዉት

ኡሮጆ የሚባለውን ቢጫ ሾርባ ሲቀምሱ መጀመሪያ የሚመጣው ኮምጣጣነቱ ነው። ወዲያው የእርዱ ሽታ ይከተላል፣ ቀጥሎ ከታች የተኛው ለስላሳ ድንች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከላይ የተበተነው የካሳቫ ጥብስ ጥርስ ስር ኩርሽም ይላል። ይሄ ሁሉ በአንዲት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ! ጫጉላቸውን ዛንዚባር ለማድረግ ያሰቡ የሐዋሳ ጥንዶች ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ ከተማ ውስጥ ያላቸው አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ማታ ባሕሩ ዳር ወዳለው ፎሮዳኒ ወርደው ይህን ይብሉ። ሌላው ቢቀር ይቅር።

አሠራሩን ማወቅ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ይጠቅማል። መሠረቱ የስንዴ ዱቄት ነው። ዱቄቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ እርድ በገባበት ፍል ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል። ኮምጣጣነቱ ከጥሬ ማንጎ ወይም ከሎሚ ይመጣል። ደረቅ ዱቄት በቀጥታ ፍል ውሃ ላይ የነሰነሰ ሰው ውጤቱ እንደ ችኩል ሙሽራ ሽሮ መጓጎል ነው። ከእሳት ቶሎ ከወረደ ደግሞ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይላል። የገባው ማንጎ ጥሬ ሳይሆን የበሰለ ከሆነም ሾርባው ይጣፍጥና ያ የሚቆነጥጠው ነገር ይጠፋል። ጥሩ ኡሮጆ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እንደ ውሃ አይፈስም፣ እንደ ገንፎም አይቆምም።

በሾርባው ላይ የሚገባው ብዙ ነው፦ የተቀቀለ ድንች፣ ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበስ ባጂያ (ድሬዳዋ ወይም ሐረር ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም)፣ ካቾሪ የሚሉት ተድቦልቡሎ የተጠበሰ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በፍም የተጠበሰ የከብት ሥጋ፣ የኮኮናት ቻትኒ፣ ፒሊፒሊ የሚሉት የቃሪያ ማባያ፣ ከሁሉም በላይ ካሳቫው። ጥበቡ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ባጂያው ሾርባ ውስጥ ተነክሮ ከጠበቃችሁ ይላሽቃል፤ ካሳቫው ቀድሞ ከተበተነ ኩርሽምታው የለም። ስለዚህ ሳህን አዘጋጅቶ ከሚደረድር ሳይሆን ዓይናችሁ እያየ ከሚያቀናብር ሻጭ ግዙ።

እዚህ ላይ ለኦርቶዶክሶች አንድ ነገር ልበል። የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ ሥጋውም በሙስሊም የታረደ ነው። ጾም ላይ ያለ ሰው ደግሞ እንቁላሉንም ያስወጣል። «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ያይ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ሻጩ ምንም ሳይደነቅ ያወጣላችኋል። ኡሮጆ ከሁለቱም ተለይቶ የማይጎድልበት ምግብ ነው፤ ሥጋው ለእኔ እንዲያውም ትርፍ ነው። ማሰሮው ውስጥ ቀድሞ የገባ ነገር እንዳለ ግን ጠይቁ።

የዓሣው ነገር ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ነው የሚያናድደው። ጠረጴዛው ላይ በእንጨት ተሰክቶ የተደረደረው ቱና፣ ኪንግፊሽ፣ ኦክቶፐስና ሎብስተር በአምፖል ብርሃን ሲያዩት ያስጎመጃል። ብዙውን ጊዜ ግን ቀን የተጠበሰ ነው፤ ስታዙት ፍም ላይ ተመልሶ ይሞቃል እንጂ አይበስልም። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ጠዋት የተገዛ ዓሣ በዚያ ሙቀት ጥሬውን እስከ ማታ አይቆይም፣ በረዶም ገንዘብ ነው። ነገር ግን ሁለተኛው እሳት የቱናውን ውሃ ጨርሶ ያወጣዋል፣ ሥጋው እንጨት እንጨት ይላል። ኦክቶፐሱም ታኝኮ አያልቅም። በዚያ ላይ አንደኛው መደብ ላይ ሻጩ ለሁለት ሰው ሁለት ሳህን አቅርቦ፣ ያልታዘዘ ሎብስተር ከላይ ጨምሮ፣ ዋጋውን የተናገረው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ለእንግዳ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። መድኃኒቱ ሳህን ከመያዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ «ቤይ ጋኒ?» ብሎ ዋጋ መጠየቅ፣ ሁለታችሁም ከአንድ ሳህን መብላት፣ ያላዘዛችሁትን ወዲያው መመለስ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያውን፣ አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሰው ይሄን አይታገሥም። እኛ ዘንድ ቆሮሶ ከጀልባ ወርዶ፣ ጉንጩ ተገልጦ ቀይ መሆኑ ታይቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ፣ ትኩስ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከዳጣና ከሎሚ ጋር ሲቀርብ እጅ ያቃጥላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከጎን ቆመው አንጀት የሚጠብቁት ዓሣው እዚያው ስለሚዘጋጅ ነው። ፎሮዳኒ ላይ ግን ቆዳው ተገፎ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ሥጋ ነው የምታዩት፤ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው እንኳ መለየት አይቻልም። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የሚተው ሰው ሻርክ ሊበላ ይችላል። ኦክቶፐስና ሎብስተርማ ግልጽ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ፍርዴን ትንሽ ላላላው። ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሻጮቹ ፍም እያቀጣጠሉ ሳለ ከደረሳችሁ ጥሬ ሙሉ ዓሣ የያዘ ሰው ታገኛላችሁ። ቻንጉ የሚሉትን ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩ የቀላ መርጣችሁ ፍም ላይ ሲወጣ ቆማችሁ ተመልከቱ። በሎሚና በቅመም የተቀባ ትኩስ የባሕር ዓሣ ከሐይቅ ዓሣ የተለየ ጣዕም አለው፤ ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፣ የጭቃ ሽታ የለውም። በዚህ መንገድ ከበላችሁት የተከፈለው ገንዘብ አያስቆጭም። ዳጣ ግን ይናፍቃል፤ ፒሊፒሊው ያቃጥላል እንጂ የበሶብላ መዓዛ የለውም።

ሰዓቱን መያዝ ቀላል ነው። የዛንዚባርና የሐዋሳ ሰዓት እኩል ነው፣ ስዋሂሊውም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ሻጩ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ካላችሁ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። ጀልባና ሆቴል ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚናገሩ አረጋግጡ። ጠዋት ዳራጃኒ ገበያ ግቡ፤ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፣ ዓሣው ሲጫረት የሚያዩት ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የአንግሊካን ካቴድራሉ አለ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የቆመ ነው፣ መንበሩም የመግረፊያው ግንድ ከነበረበት ላይ እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ቶሎ አትውጡ። ከዚያ በጠባቦቹ መንገዶች፣ ናስ የተመቱትን የእንጨት በሮች እያያችሁ፣ ወደ ባሕሩ ውረዱ። በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት፣ የድንቅ ቤት የሚሉት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ተደርምሷልና ከውጭ በማየት አትከፉ። ኦማኖች ፖርቹጋሎችን ካስወጡ በኋላ የሠሩት አሮጌው ምሽግ ከጎኑ ነው፣ ፎሮዳኒም ፊት ለፊቱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። በረመዳን ከሄዱ ቀን በአደባባይ መብላት አይገባም፤ ሆዳችሁን ለማታ አቆዩት።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ እንግዳ 44 ዶላር የግዴታ መድን ተጥሏል፤ ለሁለት 88 ነው። ገና ምንም ሳይበሉ ይሄን ያህል መክፈል ያማል። ኡሮጆው ግን ጥቂት ሺህ ሽልንግ ነው፤ የሚያስከፍለው ዓሣው ነው። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ፣ ትልቅ ኖት ስትሰጡ መልስ መጠበቅ ይበዛል።

ሸንኮራው ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ሲጨመቅ ጠጡ፤ ከኡሮጆው ኮምጣጣ ጋር በጣም ይስማማል። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ እጥፋት ግን ማዮኔዝና እንቁላል ተጭኖበት ሆድ ይሞላልና ከኡሮጆ በፊት አትንኩት። መጀመሪያ አንድ ሳህን ኡሮጆ ለሁለት እዘዙ፣ ፒሊፒሊው ለብቻ ይቀመጥላችሁ። ካማረባችሁ ሁለተኛውን ከሌላ መደብ ግዙ፤ የአንዱ ኮምጣጣ ከሌላው ስለሚለይ ማወዳደሩ ይጠቅማል።