ኮዬ ፈጬ ያለችው የሮቦት ዕቃ ሱቅ፦ ካርቶኑን ተዉት፣ ቴክኒሻኑን ጠይቁት

ስለዚች ሱቅ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ስንት ጊዜዬ፣ ዛሬ መብራት ስለሄደና ስልኬ ቻርጅ ስላለው ልገላገለው። ሱቋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ናት። የማማርረው ነገርም ስላለኝ ስሟን አልጠራም፣ ግን ደጃፉ ላይ የሞተ ሪሲቨር የተከመረበት የላሜራ ሱቅ ካያችሁ እሷው ናት። ፊት ለፊት ስልክ ጥገና ነው፣ ከኋላ መደርደሪያው ላይ ነው ሞተሩም ሴንሰሩም ያለው።

የሄድኩት ለወንድሜ ልጅ ብዬ ነው፣ 13 ዓመቱ ነው፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። እሱ ካለበት ቤት ሪሞት አይተርፍም፣ ሆዱን ዘርግፎ ነው የሚያስቀምጠው፣ እናቱ ስታለቅስብኝ በቃ የራሱን ነገር ይፍታ ብዬ ባለ አራት ጎማ የሮቦት መኪና ኪት ገዛሁለት፣ 5,200 ብር። መርካቶ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን ከኮዬ መርካቶ ደርሶ መልስ ቀኑን ነው የሚበላው፣ ታክሲ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። ካርቶኑ ውስጥ አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለው፣ የመኪናዋ አእምሮ የሆነው ቦርድ አለ (ኮፒው ነው፣ ኦሪጅናል እንዳይመስላችሁ፣ ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው ሲኤች 340 የሚባል ሶፍትዌር መጫን ነበረብን)፣ ሞተሮቹን የሚነዳው ኤል 298 ኤን የሞተር ድራይቨር፣ አራት ቢጫ ሞተር፣ ኤችሲ 05 ብሉቱዝ፣ ጎማዎቹ፣ ሽቦ፣ አንዲት አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪና ካቻቢቴ። ካቻቢቴዋ ሁለተኛው ብሎን ላይ ጥርሷ አለቀ፣ ስለሷ ሌላ አልልም። ማንዋሉ ደግሞ ቻይንኛ ነው፣ ሥዕሉን እያየን ነው የገጠምነው።

ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን። ስናበራው መብራቱ በራ፣ ማሙሽ ጨፈረ፣ ስልኩ ላይ ወደ ፊት የሚለውን ሲነካው ጎማው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመና ብሉቱዙም ተቋረጠ። እንደገና አገናኘነው፣ ያው። እንደገና፣ ያው። «እትዬ ደክሞት ነው መሰለኝ» ይለኛል። ሰኞ ተሸክመን ሄድን።

የሱቁን ዋጋ ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ቴክኒሻኑ ገና ልጅ ነው፣ የሚጠግነውን ስልክ ወደ ጎን አደረገና ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሰክቶ ማሙሽን «እስቲ አሁን ወደ ፊት ንካው፣ ቁጥሩን እያየህ» አለው። ቁጥሩ 9 ምናምን ነበር፣ ሲነካው ወዲያው 4 ላይ ወደቀ። «አየሽ እህቴ፣ ይቺ ባትሪ ለቴስተር ናት እንጂ አራት ሞተር አትጎትትም» አለኝ። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ብዙ ከረንት ነው የሚስበው፣ ባትሪዋ ያን መስጠት አትችልም፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ አርዱዪኖው ይጠፋና እንደገና ይነሳል፣ ብሉቱዙም ከሱ ስለሚመገብ አብሮ ይሄዳል። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ አምፖላችን ድንግዝግዝ እንደሚለው ማለት ነው። ይሄን ሲል ማሙሽም እኔም ገባን።

እና ታዲያ ወንድሜ፣ ይሄን እያወቅክ ባትሪዋን ካርቶኑ ውስጥ ለምን ትሸጥልኛለህ? አልኩት። «ከነካርቶኑ ነው የሚመጣው» አለና ሳቀ። ኪቱን እንዳለ አትግዙ የምላችሁ ለዚህ ነው፣ ዕቃውን በየፍሬው እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።

ሁለት 18650 የሚባል ክብ የሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው ሸጠልኝ። ከድሮ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ናቸው፣ ከምናለሽ ተራ ነው የሚያመጣቸው፣ ይሄንን እኔ ስጠይቀው ነው የነገረኝ እንጂ በራሱ አልተናገረም። ግን አንድ አንዱን በቴስተር እየለካ ቮልቴጃቸው እኩል የሆኑ ሁለት መረጠልኝ፣ በጣም የወረዱትን ወደ ጎን ጣላቸው። ሌላ ቦታ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት (ኤምኤኤች) ተብሎ የተጻፈበት አዲስ 18650 ሲሸጥ ካያችሁ እለፉት፣ ውሸት ነው፣ ጥሩ የሚባለው ራሱ 3,500 አካባቢ ነው። አንዱ ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፣ ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 7.4። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሞተሩ ከ3 እስከ 6 ቮልት ነው የሚለው አይበዛበትም ወይ አልኩት፣ የሞተር ድራይቨሩ መሃል ላይ ወደ 2 ቮልት ኮሚሽን ይቆርጣል አለኝ። 5.4 ይደርሰዋል ማለት ነው፣ ሂሳቡ ገባ። ባትሪውን ሾርት እንዳታደርጉት ደግሞ፣ ሽቦው ይግላል ሳይሆን ይቀልጣል፣ ለልጅ ብቻውን አይሰጥም።

ማታውኑ መኪናዋ ሄደች። መጀመሪያ አንዱ ጎን ወደ ኋላ ሌላው ወደ ፊት እየዞረ እንደ እንዝርት ተሽከረከረች፣ የአንዱን ጎን ሽቦ ማገለባበጥ ብቻ ነበር።

ያስለቀሰኝ አርዱዪኖው ላይ ከኮምፒውተር የሚጫነው ኮድ ነው። ትንሽ ላስተካክል ብዬ እንደገና ስጭን አልጫን አለኝ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ላፕቶፑን አጠፋሁ አበራሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ ፎቶ አንስቼ ለቴክኒሻኑ በቴሌግራም ብልክለት «ብሉቱዙን ነቅለሽ ጫኚ» አለኝ በአንድ መስመር። ለካ ብሉቱዙ የተሰካው የቦርዱ ፒን (የሽቦ መሰኪያ) 0 እና 1 ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩም በነዚያው ነው ከቦርዱ ጋ የሚያወራው፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። በማግስቱ ሄጄ ሳመሰግነው ሁለት ሬዚስተር፣ ባለ 1 ኪሎ ኦምና ባለ 2 ኪሎ ኦም፣ ቮልቴጁን እንዲቀንሱ በነጻ ሰጠኝ፣ የብሉቱዙ መቀበያ ፒን 3.3 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ ኡኖው ግን 5 ይልክበታል፣ ለጊዜው ቢሠራም ዕድሜው ያጥራል ብሎ። ይሄ ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ማንዋሉም ላይ አላየሁትም።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ከአራቱ ሞተር የአንዱ ሽቦ የምትያዝበት ቀጭን ብረት ገና ሳንነካው ተሰብራ ነው የመጣችው። ስመልሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝ። አዲስ ሞተር በራሴ ብር ገዛሁ፣ በካውያና በሊድ ሲያስረው ግን የእጅ አላስከፈለኝም። ቢያንስ ሲሸጥ ከፍቶ ቢያሳይ ምን ነበረበት? አሁን እዛው ሱቁ ውስጥ ካላስፈተሽኩ አልከፍልም፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።

ከዛ በኋላ ርቀት የሚለካውን ሴንሰር ጨመርንበት፣ ኤችሲ ኤስአር 04፣ ሁለት ዓይን ያለው የሚመስለው። ድምፅ ልኮ ተመልሶ እስኪመጣ ነው የሚቆጥረው፣ ከ2 ሳንቲሜትር እስከ 4 ሜትር። ግድግዳ ጋ ሲደርስ ጥሩ አድርጎ ይቆማል፣ ሶፋው እግር ጋ ይቆማል፣ እማማ ጋቢ ለብሰው ከረከቦቱ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ዝም ብሎ ሄዶ ጋቢው ውስጥ ገባ፣ ሁለት ሲኒ ተሰበረ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ ሄድኩ፣ አልተበላሸም፣ ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል እንጂ መልሶ አይልክም አለኝና ጠረጴዛው ላይ በፎጣና በካርቶን ፈትሾ አሳየን። እማማ ግን አልተዋጠላቸውም፣ «አንተ ማሙሽ፣ ያንን አውሬህን እሰርልኝ» ነው የሚሉት እስካሁን።

ብሉቱዙ አሥር ሜትር አካባቢ ላይ ያልቃል፣ ማሙሽ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሆኖ ግቢ ውስጥ ሊነዳት ነው የሚፈልገው። ለዛ ኤንአርኤፍ 24 የሚባል የሬዲዮ ሞጁል ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ መኪናው ላይ አንዱ ሪሞቱ ላይ፣ ቴክኒሻኑ 3.3 ቮልት ላይ ብቻ ስኩት፣ 5 ከሰጣችሁት ሞተ ማለት ነው ብሎ አስጠንቅቆናል። ባለፈው ስንሄድ አንድ ብቻ ነበረው፣ ሁለተኛው ሲመጣ እደውላለሁ ብሎ ቁጥሬን ወስዷል።

የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት ሂዱ፣ ጠዋት ስልክ የሚያሠራው ሰው ስለሚበዛ ቀና ብሎም አያያችሁ። ቴሌብር ይቀበላል። መብራት ከሌለ ደግሞ ካውያው ስለማይሠራ ደውላችሁ ውጡ።