ለጣና ተመራማሪዎች የሚሰጠው የናሙና ምርመራ አገልግሎትና የአስተያየት አሰባሰቡ

ባሕር ዳር ውስጥ ለጣና ተመራማሪዎች የመስክ መሣሪያ የሚያውስና የውኃ ናሙና የሚመረምር አንድ አገልግሎት አለ፤ ትችቴ ስለሚበዛ ስሙን ትቼዋለሁ። በምርመራው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የፒኤች (የውኃ አሲዳማነት) መለኪያው ፒኤቻቸው በሚታወቅ መደበኛ መፍትሔዎች ተስተካክሎ ይሰጣል፤ ውጤቱም ንጹሕና የታመነ ነው። የምገመግመው አገልግሎቱ የተጠቃሚዎቹን ፍላጎት የሚጠይቅበትን መንገድ ነው።

የአስተያየት ቅጹ ከውጤት ወረቀቱ ጋር ተያይዞ የሚሰጥ ሲሆን ዋና ጥያቄው «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል ነው። ስለዚህ መልስ የሚሰጠው ውጤት የደረሰው ሰው ብቻ ነው፤ ናሙናው የተበላሸበት ወይም ወረፋው ሲረዝምበት ሥራውን ወደ አዲስ አበባ የወሰደ ተመራማሪ ቅጹን አያየውም። ስምና የፕሮጀክት ቁጥር መጻፍም ግዴታ ነው፤ ነገ መሣሪያ ሊዋስ የሚመጣ ተማሪ ዛሬ በስሙ ቅሬታ እንዲጽፍ መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቅጹ ናሙናው ከየት እንደመጣና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደደረሰ አለመጠየቁ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ባሕር ዳር ደቡባዊው ዳርቻ ላይ ስትሆን ጎርጎራና የመገጭ ወንዝ መግቢያ በሰሜን በኩል ናቸው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ ወዲህ የብዙ ጥናት ዓይን ያረፈው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ናይትሬት የተባለውን የናይትሮጅን ውህድ ለመለካት የሚቀዳ ውኃ ደግሞ ቀዝቅዞ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ መለካት እንዳለበት የተለመደው አሠራር ያዛል። እዚያው ባሕር ዳር አቅራቢያ፣ ከጨራጨራ አጠገብ ለሚቀዳ ሰው ይህ ጭንቀት አይደለም፤ ከመገጭ ተነሥቶ አመሻሽ ላይ ለሚደርስ ግን በሩ ተዘግቶ ማግኘት የቀኑን ድካም ሁሉ ሊያስቀርበት ይችላል። የሁለቱ እርካታ ተደምሮ አማካዩ ሲወጣ አገልግሎቱ አዲስ መለኪያ መግዛት ወይም የማታ ተረኛ መመደብ እንደሚሻለው ከቁጥሩ ሊያውቅ አይችልም።

በቅርቡ የተጀመረው የቃል መጠይቅ በአንጻሩ ይመሰገናል። ጠያቂዎቹ ከመምህራኑ ይልቅ የመስክ ቴክኒሻኖችን፣ ባለጀልባዎችንና የዓሣ ምርት መዝጋቢዎችን በአማርኛ ያነጋግራሉ (መምህሩማ ወረፋውን የሚያውቀው ተማሪው ሲነግረው ነው)። የሚጠይቁትም «ባለፈው ሥራችሁ የተቸገራችሁት የት ላይ ነው? ያን ጊዜስ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ነው። የበረዶ ሣጥን ማዋስ የተጀመረው ከእነዚህ መልሶች በኋላ ነው። የተሰጠው ምላሽም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት እሑድ ናሙና መረከብ እንደማይቻል ሳይቀር በግልጽ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኘ ተመራማሪ የመስክ ጉዞውን በዚያው ልክ ያቅዳል።

በደቡቡ ዳርቻ ለሚሠሩ ሰዎች አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ከሰሜን የሚመጡ ደግሞ ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት የመረከቢያውን ሰዓት በስልክ አረጋግጠው የበረዶ ሣጥኑን አስቀድመው ቢያስይዙ ይሻላቸዋል።