ዴንድሮቢየም ካትበርትሶኒ፦ ትንሿን የደጋ ኦርኪድ ከአንድ ዓመት በላይ ካሳደግኩ በኋላ

መጀመሪያ ዋጋዋን ልናገር፤ ቤቴ የመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 35 ዶላር፣ መላኪያው ለብቻው። በዚህ ገንዘብ የምትመጣላችሁ ተክል ቁመቷ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። «ለዚህች?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አብራኝ ከቆየች በኋላም ተወደደችብኝ አልልም። ኪስ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ዴንድሮቢየም ካትበርትሶኒ ትባላለች። አገሯ የኒው ጊኒ ደሴት ሲሆን፣ በብዛት የምትገኘው ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ነው። ሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅል ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) በለበሰ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትበቅላለች፣ ገደል ላይም ትበቅላለች፣ መንገድ ሲቆረጥ የተገለጠ አፈር ላይ እንኳ አትጠፋም። ሳይንሳዊ ስሟን በ1888 ያወጣላት ጀርመን ተወልዶ አውስትራሊያ የኖረው የዕፅዋት ሊቅ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። ኒው ጊኒ ተራራ ላይ ቀኑ ለዘብ ያለ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጉሙና ዝናቡ አይቋረጥም። እኔም ሲያትል ስለምኖር፣ ጉምና ዝናብማ እኛም ጋ ሞልቷል ብዬ ነው የገዛኋት።

ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ችፍ ያለበት ይመስላል፣ ሲዳስሱት ይሻክራል። አበባዋ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተክሏ ጋር ጭራሽ አይመጣጠንም። የኔዋ ቀይ ናት፣ ደማቅ ቀይ። ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሮዝና ሐምራዊም አለ፣ ሁለት ቀለም የተቀላቀለበትም አለ። ሽታ የላትም። ቤቴ ይታወድልኝ የምትሉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ግን አንዱ አበባ ምን ያህል ይቆያል መሰላችሁ? ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪድ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ጎበዝ እንለዋለን። የዚህችኛዋ አበባ ሁኔታው ከተመቸው ግማሽ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሳይረግፍ ይቆያል። ለገና የፈነዳልኝ አበባ ለሰኔ ሚካኤል ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም ነበር። «ፕላስቲክ ነው እንዴ?» እያለ ቆንጠጥ የሚያደርገው እንግዳ በዝቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰቀልኳት።

አሁን ወደ ወጪው። ይህች ተክል ሙቀት አትችልም። ቀን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ደስ ይላታል። ቀን ለጥቂት ሰዓት 27 ቢደርስም ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ታልፈዋለች። ሌሊቱም እንደሞቀ ካደረ ግን በቃ፣ ቅጠሏን ማራገፍ ትጀምራለች። ሲያትል ቀዝቃዛ ናት ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ሰኔ 2021 ላይ 42 ዲግሪ የገባች ከተማ ናት፣ የአየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ደግሞ ብዙ ነው፣ የኔንም ጨምሮ። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን ምድር ቤት ውስጥ ታሳልፋለች። የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ከላዩ ኤልኢዲ መብራት፣ ውስጡ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ትንሽ ማራገቢያ፣ ቴርሞሜትር። በጣም ሲሞቅ ማታ ማታ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት ከተክሏ ዋጋ እጥፍ በላይ ነው። እና ደግሞ ነሐሴ ላይ ዘመድ ጥየቃ ልሂድ ካላችሁ ጠርሙስ የሚቀይርላችሁ ሰው መለመን አለባችሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ነው የቀየረችው፣ ከዚያ በኋላ ግን... ይቅር።

ማራገቢያውን ለገንዘብ ብላችሁ አትዝለሉት። እርጥበት ትወዳለች፤ አየሩ ከቆመ ግን ሥሯ ይበሰብሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ነው የሚያስቸግረው።

የተተከለችው በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ስፋግነም በሚባል ውሃ በሚይዝ የሞስ ዓይነት ነው። ሞሱ መድረቅ የለበትም፣ ግን ታጭቆ መጠቅጠቅም የለበትም። መጥቆርና መበስበስ ሲጀምር ይቀየራል። ሥሯ ቀጭን ስለሆነ ጨው ያለበት ውሃ ያቃጥለዋል። እዚህ ላይ እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ የሲያትል የቧንቧ ውሃ ከሲዳርና ከቶልት ወንዞች ስለሚመጣ ማዕድኑ ትንሽ ነው። እናንተ ጋ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ ወይም የተጣራ ግዙ። ማዳበሪያ? ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን፣ አልፎ አልፎ። በየመሃሉ ሞሱን በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

አንድ የኛ ቤት ጉዳይ አለ። ቡና ሲፈላ ከሰልና ዕጣን ከተጨሰ ከክፍሉ አወጣታለሁ። ጭስ ውስጥ ያለው ኤትሊን የሚባል ጋዝ የኦርኪድ አበባ ቶሎ ያጠወልጋል። የሚበስል ሙዝም ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ የፍራፍሬ ሳህን አጠገብ አታስቀምጧት።

የሻጩን ስም አልጠራም፤ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ጥቅምት ላይ፣ ውርጭ ገና ሳይጀምር፣ ካርቶኑ ውስጥ የማሞቂያ ከረጢት ጨምሮ ነው የላከልኝ፤ ቅዝቃዜ ለምትወድ ተክል! የታችኞቹ ቅጠሎች ረግፈው ደረሱ። ወረቀቷ ላይ ደግሞ «ለጀማሪ የምትመች» ይላል። አትመችም። ጀማሪ ከሆናችሁ ከፋሌኖፕሲስ ጀምሩ።

ዱባይና ዳላስ ያላችሁ፣ ለሷ ብቻ የሚሆን ማቀዝቀዣ ካላዘጋጃችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዋሽንግተን ዲሲም በበጋ ሌሊቱ ስለሚሞቅ ይከብዳል። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ስለሷ ሲሰማ ቀናሁ አለኝ፣ እውነትም የአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት ለሷ የተሰፋ ነው፤ የሚያስቸግረው ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ አየር ነው። ብቻ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልዬ እወስድልሃለሁ የሚል ዘመድ እንዳትሰሙ። ኦርኪድ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስለሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የተክል ጤና ወረቀትም አለ።

ድጋሚ እገዛለሁ ወይ? ብርቱካናማዋን አዝዣለሁ፣ ከሌላ ሻጭ።